ግማሽና መሃል

መነጽር ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የቅጥር ወረቀቷ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ «ሚሊ» ነው የሚላት፤ ከሚሊሜትር የተወሰደች ሚሊ። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነው። ከዚህ ውስጥ አስራ ዘጠኙን ያሳለፈችው ከሱቁ ጀርባ ባለች፣ ሁለተኛ ሰው ሲገባ የመጀመሪያው ትከሻውን ሰብስቦ በሚቆምባት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ቁጭ ብላ ሌንስ ትሞርዳለች፤ ክብ ሆኖ የመጣውን በፍሬሙ ልክ ትቆርጣለች፣ ጠርዙን ታለሰልሳለች፣ ትገጥማለች። ምሳዋን ስትበላ ዳቦውን እኩል ለሁለት ሳትከፍል አንድም አትጎርስም ብለው ያሟታል። እውነታቸውን ነው።

ሥራዋ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሌንስ የራሱ መሃል አለው። በዚያች መሃል በኩል ያዩት ነገር ባለበት ቦታ ይታያል፤ ከመሃሏ ፈንጠር ብለው ካዩ ግን ነገሩ ወደ ጎን ይሸሻል። ስለዚህ ያቺ ነጥብ ከሰውየው የዓይን ብሌን ፊት ለፊት መዋል አለባት። ሚሊ ደንበኛውን ፊቷ ታስቀምጥና ከአንዱ ብሌን እስከ ሌላው በማስመሪያ ትለካለች። ስድሳ አራት ሚሊሜትር ከመጣ ለሁለት ታካፍለዋለች፤ ከአፍንጫው መሃል ሠላሳ ሁለት ለቀኝ፣ ሠላሳ ሁለት ለግራ። ከዚያ ሌንሱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ጣል ታደርግና ወደ ማሽኗ ትዞራለች። እንዲህ ያስተማራት ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ነው፤ እሱንም ያስተማረው ሌላ ነው፤ ማንም ማንንም «ለምን?» ብሎ አልጠየቀም። አልፎ አልፎ «ራሴን ያመኛል» ብሎ የሚመለስ ደንበኛ ሲኖር «ግድ የለም፣ ዓይን ይለምደዋል» ትለዋለች። አብዛኛው ሁለተኛ አይመለስም፤ እሷም ለመደው ማለት ነው ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

አልለምድ ያለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም የገዛ እናቷ ናት።

እናትየው ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ከሚሊ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ፤ በፊተኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዋ ተቀምጣለች። በዚያች መኪና ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ባሏ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት እዚያችው መኪና ላይ ተመልሳ ተቀምጣ፣ «ካልሰፋሁ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ክሩ አይታየኝም» ብላ የሰፈሩን ሰው አስቃለች። ከሦስት ዓመት በፊት ዓይኗ ሲደክም ሚሊ በገዛ እጇ መነጽር ሠራችላት። ሌንሶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ የግራው ከቀኙም ይብሳል።

እናትየው ገና በመጀመሪያው ቀን «ይሄ መነጽር ይዋሻል» አለች።

«እንዴት ነው መነጽር የሚዋሸው፣ እማዬ?»

«መርፌው ያለበት ቦታ ሌላ፣ የሚታየኝ ቦታ ሌላ።»

«ዓይን ይለምደዋል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ይኸው ጭቅጭቅ ነበር። አንዷ ስትናገር ሌላዋ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። ሚሊ ሲብስባት «ባለሙያዋ ማን ናት፣ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ትላለች፤ እናትየውም መነጽሩን አውልቃ ጭኗ ላይ ታስቀምጥና በዳሰሳ ትሰፋለች። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ያቺ ልጅ የማንንም ደንበኛ ቃል ቢያንስ ቆማ ትሰማለች፤ የእናቷን ግን እንደ ዝናብ ድምፅ ትሰማው ነበር።

ከዚያ ጉዱ መጣ። እናትየው የአንድ ተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ አጣማ ሰፋች፤ በሳምንቱ ደግሞ መርፌው የአውራ ጣቷን ጥፍር በስቶ ገባ። የሚሊ ታናሽ ወንድም ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ መጣ፣ የታሰረውን ጣት አየና ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ፣ እጇ ከድቷታል» አለ ሚሊን ለብቻዋ ወደ ጓዳ ጠርቶ። «ጭንቅላቷም እንጃ። ዕቃው ይሸሸኛል ነው እኮ የምትለው! እኔ ጋ ትምጣ። እዚያ ሚስቴ አለች፣ ልጆቹ አሉ። መኪናዋን ግን የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም፤ የሚፈልግ ሰው እናግኝላት።»

ሚሊ ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ነው። የወሩ መጨረሻ እሑድ ወንድምየው እናቱን ሊወስድ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ደግሞ መኪናዋን ሊወስድ ተቀጠረ። እናትየው ይህን ስትሰማ «እኔን ሸጣችሁ መኪናዬን አስቀሩልኝ» አለች፤ ማንም አልሳቀም።

አራት ሳምንት ቀረ።

በዚያው ሰሞን ነው አንድ ጡረታ የወጣ ቀያሽ መነጽር ሊያሠራ ሱቅ የመጣው። ዕድሜውን ሁሉ መሬት ሲለካ የኖረ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ነው። ሌንሱ ሲቆረጥ ካላየሁ አለና አንገቱን ወደ ጓዳዋ አስገባ።

«ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?»

«የሌንሱ መሃል ናት፣ ጋሼ። ሳስረክብዎ አጠፋታለሁ።»

«ታጠፊያታለሽ?» ሽማግሌው ልቡ የተሰበረ መሰለ። «እኔ ስምንት ዓመት ቁጭ ብዬ መሃል ስፈልግ፣ አንቺ በቀን አስር ጊዜ እያገኘሽ ታጠፊያለሽ?»

ሚሊ እጇ ማሽኑ ላይ ቀረ። ሰው መሃል ለመፈለግ ስምንት ዓመት ለምን እንደሚቀመጥ ካላወቀች እንቅልፍ የሚወስዳት አልመሰላትም። ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌው ቤት ሄደች።

ቤቱ ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ ያለ ክፍል ነው፤ ወለሉ ከታች ባለው ማሽን ይንቀጠቀጣል። ሻይ አቀረበላትና ያስረዳት ጀመር። ሄርሜስ የሚባል የጥንት ጠቢብ ነበረ ይባላል፤ ነበረም አልነበረም፣ በስሙ የሚጠራ ትምህርት አለ። ትምህርቱ ብዙ ልምምድ አለው፤ ከእነዚያ አንዱ የቅርጾችን መሃል ነጥብ በተመስጦ ማግኘት ነው።

«አንድ ዕቃ ፊትሽ ታስቀምጫለሽ» አላት። «ትንሽ፣ ቀላል ዕቃ። በደንብ ታይውና ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። ከዚያ በሐሳብሽ ታንሻለሽ፤ እንደ ጤፍ ፍሬ፣ ከዚያም በታች። አንሰሽ አንሰሽ የዕቃው መሃል ነጥብ ውስጥ ትቀመጫለሽ። ውጭ ሆነሽ አይደለም የምታይው፤ ውስጥ ሆነሽ ነው። ላዩ፣ ታቹ፣ ግራው፣ ቀኙ ዙሪያሽን ይከብሻል፤ ዕቃው እንደ ዓለም ይሰፋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትቆያለሽ። አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ።»

«ለምን ይጠቅማል?»

ሽማግሌው ሳቀ። «መሬት ስለካ ሁሌ ከዳር ቆሜ ነበር። አንድ ጊዜ ከመሃል ባየው ብዬ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ደግሞ ስትጀምሪ ማስመሪያ አትያዢ።»

ይህን የመጨረሻውን ምክር ሚሊ አልሰማችም፤ ማስመሪያ አትያዢ ማለት ለእሷ እጅሽን ቤት ትተሽ ነይ ማለት ነው።

በክብሪት ቀፎ ጀመረች። የክብሪት ቀፎ ገር ነው፤ ለካች፣ በሦስቱም በኩል ለሁለት ከፈለች፣ ዓይኗን ጨፍና ገባች። በሦስተኛው ቀን እውነትም አንድ ነገር ተሰማት፤ የካርቶን ግድግዳዎች ከስድስት ወገን እኩል የራቁባት፣ ጸጥ ያለ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠች መሰላት። ሲገርማት ዋለ። በሳምንቱ ድንች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

እናቷ ከመኪናዋ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ድንቹ ምን አድርጎሽ ነው?»

«መሃሉን እየፈለግኩ ነው፣ እማዬ።»

«ቢላዋ መሳቢያው ውስጥ አለልሽ።»

ድንቹ ግን አስቸገራት። ርዝመቱን ለካች፣ ለሁለት ከፈለች፣ እዚያች ነጥብ ላይ በሐሳቧ ተቀመጠች፤ አልረጋ አላት። ዘመም ያለ ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ ነው፤ አንዱ ወገን ይጎትታታል። አራት ቀን ታገለችው። በአምስተኛው ቀን ተናደደችና ማስመሪያውን ወደዚያ ወረወረችው፤ ዓይኗን ጨፍና ወደሚጎትታት ወገን ዝም ብላ ሄደች። ወደ ወፍራሙ ጎን ትንሽ ፈቀቅ እንዳለች መጎተቱ ቆመ። ዙሪያዋ ሁሉ ተስተካከለ። እንዲህ ያለ ዕረፍት ተሰምቷት አያውቅም።

ሚሊ ግን ሚሊ ናትና በዚህ አልበቃትም። ድንቹን ከእናቷ ክር ቆርጣ በተለያየ ቦታ አንጠለጠለችው፣ ክሩ የወረደበትን መስመር ምልክት አደረገች፣ ከዚያ ቆረጠችው። መስመሮቹ የተገናኙት ማስመሪያው ካሳያት ቦታ አንድ ጣት ያህል ርቀው ነው፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ካረፈችበት ግን ብዙም አልራቁም። ድንቹን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ቀረች።

ለሽማግሌው ስትነግረው ጉልበቱን መታ። «በማስመሪያ ያገኘሽው ግማሹን ነው፤ መሃሉን አይደለም። ግማሽ ከዳር ቆሞ የሚቆጠር ነው። መሃል ግን ዕቃው ራሱ ነው የሚነግርሽ።»

«የሁሉም ነገር ግማሽና መሃል ይለያያል?»

«የክብሪት ቀፎ አይለያይም። የፋብሪካ ዕቃ አይለያይም። የበቀለና የተወለደ ነገር ግን አንዱም እኩል ሲሆን አላየሁም።»

ሚሊ ሻይዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ፊትስ፣ ጋሼ? የሰው ፊት ላይ ይሞከራል?»

«አስፈቅደሽ ከሆነ» አለ ሽማግሌው።

መኪናዋ ልትወሰድ ስምንት ቀን ሲቀራት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚሊ ወንበሯን ስባ እናቷ ፊት ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ፊትሽን አስር ደቂቃ ላየው?»

«ሃምሳ ዓመት አይተሽው የለ እንዴ? ምን ቀረሽ?»

«እስቲ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

«ድንቹን እንዳደረግሽው ልታደርጊኝ ነው?» አለች እናትየው፤ ግን ተቀመጠች። መነጽሩ አፍንጫዋ ላይ ነበር።

ሚሊ አየቻት። የግንባሩን መስመሮች፣ የጉንጩን አጥንት፣ ክር ስትበጥስ ጫፉ የተሸረፈውን ጥርስ። ዓይኗን ጨፈነች፣ አነሰች፣ ከአፍንጫው አጥንት ጀርባ ገብታ ተቀመጠች። በስተቀኝ አንድ መስኮት፣ በስተግራ ሌላ መስኮት ሊኖር ይገባል፤ ከሁለቱ እኩል ርቃ። ግን እንደ ድንቹ ቀን ወንበሩ ዘመመባት። አንደኛው መስኮት እዚህ አጠገቧ ነው፣ ሌላው ግን ርቋል። ደግማ ሞከረች። ያው ነው።

ይህ የሄርሜስ ምስጢር ነው ወይስ አንድን ፊት አስር ደቂቃ ሙሉ አይቶ ማወቅ ነው ብትሉኝ እኔ አላውቅም። ሚሊም አላወቀችም። የምታውቀው ዓይኗን እንደገለጠች ማስመሪያዋን መፈለጓን ነው።

በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብሌን እስከ ብሌን መለካቷን ትታ ከአፍንጫው መሃል ጀመረች። ወደ ቀኙ ዓይን ሃያ ስምንት። ወደ ግራው ሠላሳ አራት። ሲደመር ስድሳ ሁለት። ከሦስት ዓመት በፊት የለካችውም ስድሳ ሁለት ነበር፤ ድምሩ ልክ ነበር። እሷ ግን ለሁለት ከፍላው ሠላሳ አንድ ለቀኝ፣ ሠላሳ አንድ ለግራ አድርጋዋለች። የሁለቱም ሌንስ መሃል ከብሌኗ ሦስት ሦስት ሚሊሜትር ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ብሎ ነበር። እንዲያ ወፍራም በሆነ ሌንስ ሦስት ሚሊሜትር ማለት መርፌውን ከቦታው አንስቶ ሌላ ቦታ ማሳየት ማለት ነው።

ክው አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናትየው። «ቀለምሽ ጠፋ እኮ።»

«የግራ ዓይንሽ ከአፍንጫሽ ከቀኙ ይበልጥ ይርቃል፣ እማዬ።»

«እሱንማ አባትሽ ድሮ ያውቀዋል። ፎቶ ስንነሳ ሁልጊዜ ወደ ግራ ዞር በዪ ይለኝ ነበር።»

ሰኞ ጠዋት ሚሊ ሱቁ ሳይከፈት ደርሳ አዲስ ሌንስ አዘዘች፤ ሐሙስ ደረሰላት። ቀኙ ላይ ሃያ ስምንት፣ ግራው ላይ ሠላሳ አራት ለካች፣ ሁለት ቀይ ነጥብ አደረገች፣ ሞረደች። እንደዚያ ቀን ቀስ ብላ ሞርዳ አታውቅም።

ዓርብ ከሥራ በፊት መነጽሩን በእናቷ ፊት ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ሸሸች። እናትየው ወደ መኪናዋ ዞረች፣ ከቅርጫቷ ቁራጭ ጨርቅ አነሳች፣ ክሩን ይዛ ወደ መርፌው ቀዳዳ ሰደደችው። በመጀመሪያው ገባ። እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገችና አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር፣ እስከ ጨርቁ ጫፍ ቀጥ አድርጋ ሰፋች። ጨርቁን አወጣች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋች፣ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው።

«ለካ አላበድኩም» አለች።

ሚሊ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የእናቷን ጉልበት ይዛ አለቀሰች። «ይቅር በዪኝ፣ እማዬ። እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገርሽኝ፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ። ስልክ ደውዬ ለወንድሜ እነግረዋለሁ። ማንም መኪናሽን አይነካም።»

«እሱንማ መንገር አለብሽ» አለች እናትየው። የልጇን ራስ ደባበሰች። ብዙም አልቆየች፣ እጇ ቆመ። አንድ ነገር እያሰበች ነበር።

«የሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የምትለኪው?»

ሚሊ ቀና አለች።

«እኔማ እናትሽ ነኝ» አለች እናትየው፤ ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም። «አብሬሽ እበላለሁ፣ አብሬሽ አድራለሁ፣ በየቀኑ ነዘነዝኩሽ፤ እንዲያም ሆኖ ሦስት ዓመት ፈጀብሽ። ያ ሌላው ሰው ስንቴ ይነግርሻል? አንዴ ይነግርሽና አፍሮ ይሄዳል። ስንት ናቸው?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እወቂያ።»

ሚሊ ለወንድሟ ደወለች፤ ወንድምየው መጀመሪያ አላመነም፣ ከዚያ እናቱ ራሷ ስልኩን ተቀብላ እስኪበቃው ነገረችው። እሑድ መኪናዋን ሊወስድ የነበረውም ልብስ ሰፊ አትምጣ ተባለ። ከዚህ በኋላ ሚሊ ፊቷን ታጥባ ሱቅ ሄደች። ለሱቁ ባለቤት ምን እንደሠራች ሳትደብቅ ነገረችው፤ ሰውየው የድሮ ደንበኞች ካርድ የተደረደረበትን ካርቶን ከመደርደሪያ አውርዶ ፊቷ አስቀመጠው። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የብሌን ርቀት ከሚጻፍበት ቦታ በእሷ የእጅ ጽሑፍ አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፏል። ቀኙና ግራው ለየብቻ የተለካበት ካርድ አንድም የለም።

ሌንሳቸው ወፍራም የሆኑትን አስቀድማ ለየች። ከላይ የነበረው ካርድ የአምስት ዓመት ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ሴት ናት። ሚሊ ካርዱ ላይ ባለው ስልክ ደወለች፣ ሴትየዋ አነሳች፣ ሚሊ ማንነቷን ተናገረች።

«ከመነጽር ቤት ነው? የትኛው መነጽር?» አለች ሴትየዋ። «እ… ያ! እሱንማ ከተውኩት ቆየሁ እኮ። ሳነብ ራሴን ሲያዞረኝ ጊዜ ሥራውንም ለቀቅኩ፣ ማንበቡንም ተውኩት። የእናንተ መነጽርማ ምንም አልነበረበትም። ዓይኔ ነው የተበላሸው።»

ሚሊ የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ያዘች።

«ዓይንዎ አይደለም» አለች። «ዓይንዎ ደኅና ነው። እኔ ነኝ።»